ሳምባ ፋይሉን ያደርሳል፣ ስሙ ላይ ግን ጣጣ አለው

ሊኑክስ ወይም ሌላ ዩኒክስ ሰርቨር ላይ ያለ ፎልደር ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ማጋራት የፈለገ ሰው መጨረሻው ሳምባ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፤ አንድሩ ትሪጅል የመጀመሪያውን ያወጣው በ1992 ነው። አንዴ ከተዋቀረ ይሠራል፣ በዚህ በኩል አላማርረውም። የሚያናድደኝ የፋይል ስም ነው።

ዩኒክስ በስም ጉዳይ ግድ የለውም፣ ከስላሽ በቀር የፈለግከውን ምልክት ጻፍ ይልሃል። ዊንዶውስ ደግሞ ሁለት ነጥብ፣ ኮከብ፣ የጥያቄ ምልክት አልቀበልም ባይ ነው። እና አንዱ ሊኑክስ ላይ ሆኖ 10:30 የሚል ሰዓት ስሙ ውስጥ ሲከት፣ ሳምባ ለዊንዶውሱ ሰው ስሙን ቆራርጦ መሃሉ ላይ ~ ያለበት ዝባዝንኬ አድርጎ ያሳየዋል። ፋይሉ ይከፈታል። ግን እንደዚህ ዓይነት ሃያ ፋይል ተደርድሮ የቱ የቱ እንደሆነ ማን ይለየዋል? ገልብጦ ከወሰደው ደግሞ ያው ዝባዝንኬ ስም አብሮት ይሄዳል።

መድኃኒቱ እዚያው አለ። ካቲያ የሚባል ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) አለው፤ የትኛው ምልክት በየትኛው ይተካ ብለህ ማዋቀሪያው ላይ ትጽፍለታለህ፣ ዊንዶውስ የሚነበብ ስም ያያል፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ስም አይነካም። አሪፍ ነገር ነው። ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው በርቶ እንደማይመጣ አይገባኝም።

ሪፖርት የሚለው ስም በካፒታል አር እና በስሞል አር ሁለት ፋይል ሆኖ ከተቀመጠ ግን ሳምባም ብዙ አይረዳህም። ለዩኒክስ ሁለት ናቸው፣ ለዊንዶውስ አንድ። ፎልደሩን ወደ ዊንዶውስ ስትገለብጥ ‹አንዱን በሌላው ልተካው?› ይልሃል፣ ሳያነብ እሺ ያለ ሰው አንዱን አጣ ማለት ነው። ሳምባ ይህን ልዩነት ለዊንዶውስ ሲል ችላ ስለሚል፣ አንድ ስም በየትኛውም አጻጻፍ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ፎልደሩን ሙሉ ይፈትሻል፤ ፋይሉ በሺዎች ሲቆጠር መንቀርፈፉ ከዚህ ነው።

በአማርኛ ስም ለምንሰጥ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ዲስክ አደረጃጀት ላይ የስም ጣሪያው 255 ባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይበላል። ስለዚህ 85 ፊደል ላይ አለቀ። ዊንዶውስ የራሱ ዲስክ ላይ እስከ 255 ፊደል ስለሚፈቅድ፣ እዚያ ያለችግር የተቀመጠ ረጅም ስም ወደ ሰርቨሩ ሲላክ እምቢ ይላል። ጥፋቱ የሳምባ አይደለም፣ ስሙን አሳጥረህ ድገመው።