ካኖፒዮ በተከለለ ተራራ ላይ፦ በመስከረም ጎበዝ፣ በየካቲት ዕውር

ካኖፒዮ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያወጣው በነጻ የሚጫን የስልክ መተግበሪያ ነው። መሬቱን ከላይ ወደ ታች ስታነሱት አረንጓዴውን ነጭ፣ የቀረውን ጥቁር አድርጎ ያሳይና ሽፋኑን በመቶኛ ይነግራችኋል። ዋናው መለኪያው ቀለም ነው፤ በእያንዳንዱ የምስል ነጥብ ውስጥ ያለው የቀዩም የሰማያዊውም መጠን ለአረንጓዴው ሲካፈል ከ0.95 በታች ከመጣ ነጥቡን ቅጠል ብሎ ይቆጥራል።

ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ በሆነ ተራራ ወይም በተጠገነ ቦረቦር ላይ ችግሩ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በመስከረም የሚሰጠው ቁጥር ያስተማምናል። በየካቲት ግን ያው ቦታ ባዶ መሬት ይመስላል፤ ሣሩ ደርቆ ቆሟል እንጂ አልጠፋም። ደረቁ ሣርና የረገፈው ቅጠል የዝናብ ጠብታን የሚመክቱ ናቸው፣ አፈሩ መጠበቁን ለማወቅ የምንፈልገውም እነሱን ነው። ስለዚህ በበጋ ስልኩን ኪስ ከትቶ ባለ 50 ሜትር የመለኪያ ጥቅል መዘርጋት ይሻላል። በየ50 ሳንቲሜትሩ ቀጭን ሽቦ ወደ ታች ስደዱና መጀመሪያ የነካውን ጻፉ፦ አረንጓዴ፣ ደረቅ ሣር፣ ርጋፊ፣ ድንጋይ፣ ባዶ አፈር። 100 ነጥብ ስለሚሆን እያንዳንዱ 1 በመቶ ነው።

ለፎቶው 50 በ50 ሳንቲሜትር ክፈፍ ያስፈልጋል፤ ከነጭ ፒቪሲ ቱቦና ከ4 ኤልቦ (የቱቦ ማዕዘን ማገናኛ) ይሠራል። አረንጓዴው ፒፒአር ቱቦ አይሆንም፣ መተግበሪያው እንደ ሣር ይቆጥረዋል። (አረንጓዴ ቦቲም እንዲሁ።) ልኩ የሚወሰደው ከውስጥ ጠርዝ ነው፤ ኤልቦው ጨምሮበት 53 ሳንቲሜትር ከሆነ ስፋቱ በ12 በመቶ ያብጣል። ካሜራውን 1፡1 አድርጋችሁ፣ ስልኩን ከመሬቱ ጋር ትይዩ ይዛችሁ፣ ክፈፉ ምስሉን እንዲሞላ አንሱ። ደመናማ ሰዓት ምረጡ፤ የቀትር ፀሐይ የምትጥለው ጥላ የታችኛውን ቅጠል ይውጠዋል። ቦታ አትምረጡ፤ በዳገቱ አቅጣጫ በየ5 ሜትሩ 20 ፎቶ ይበቃል።

ምርታማነትን ከዚህ ቁጥር ለማውጣት መሞከር ግን ከንቱ ነው። ደሾ ሣር (ለአፈር ጥበቃና ለመኖ የሚተከለው) መሬቱን አንዴ ከሸፈነ በኋላ ቢረዝምም ቢወፍርም ንባቡ ወደ 100 ተጠግቶ ይቆማል። ለዚያ ማጭድ ይሻላል። በክፈፉ ውስጥ ያለውን ሁልጊዜ በአንድ ከፍታ አጭዳችሁ በወረቀት ከረጢት ክተቱ፣ ፌስታል ያሻግተዋል። በ65 ዲግሪ ምድጃ ለ48 ሰዓት አድርቁና መዝኑ። የ1 ክፈፍ 1 ግራም በሄክታር 40 ኪሎ ነው፤ 85 ግራም ማለት 34 ኩንታል። ይህ ብዜት ስህተትንም ያባዛል፤ በሚዛን ላይ የሳታችሁት 5 ግራም 2 ኩንታል ሆኖ ይመጣል። ገበሬዎች ለከብት አጭደው ከወሰዱ ቀኑን መዝግቡ፣ ካለዚያ የታጨደው የሞተ ይመስላል።

መተግበሪያው ቅንጨ አረምንም ከደሾ እኩል ስለሚቆጥር ዝርያውን በእጅ መጻፍ ግድ ነው። የመተግበሪያውን የቀለም ማስተካከያ ደግሞ አትንኩት። ለ1 ፎቶ "እንዲያምር" ካንቀሳቀሳችሁት፣ ያ ፎቶ ካለፈው ዓመት ጋር አይነጻጸርም።

ለመስከረም ንጽጽር 4 ኮከብ፣ ለበጋ 1።