ስህተቴ ላይ ሐረግ ላበቀሉት ጋሼ

ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ሁለት ወር አለፈኝ። ጊታሩ አልቆ፣ ክር ተወጥሮለት፣ ድምፁን እስክሰማው ዝም ልበል ብዬ ነው። አሁን ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ልናገር።

ነገሩ የመጣው ከእኔ ጥድፊያ ነው። በትርፍ ሰዓቴ የመጀመሪያ ጊታሬን እየሠራሁ ነበር። የፊት ጣውላው ስፕሩስ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ለስላሳ እንጨት። ሁለቱን ግማሽ አጋጥሜ አጣብቄ፣ ውፍረቱን ወደ 3 ሚሊሜትር አውርጄዋለሁ። የቀረኝ በድምፅ ቀዳዳው ዙሪያ ለሚገባው ክብ ጌጥ ቦይ መቆፈር ነበር። ራውተሩን (ኢንተርኔት የሚያድለውን ሳይሆን እንጨት የሚቦረቡረውን) መሃል ላይ በተተከለች ፒን ዙሪያ ታዞሩታላችሁ፣ ክብ ያወጣል። ቦዩ ወጣ። አማረም። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ጠርዙ ትንሽ ሻካራ ነው፣ አንዴ ብቻ ልድገመው» አልኩ። ለካ ፒኗ ቀዳዳዋን አስፍታዋለች። ማሽኑ ከክቡ አፈትልኮ ወደ ላይኛው ትከሻ ሸመጠጠ።

ዓይኔን ስገልጥ (ጨፍኜ ነበር መሰለኝ) 3 ሴንቲሜትር የሚሆን ጭረት ተጋድሟል። ጭረት ማለት እንኳ ማሳነስ ነው። ጥልቀቱ 1.5 ሚሊሜትር፣ የጣውላው ግማሽ ነው።

ቀጥሎ የሠራሁት ይብሳል። የዚያኑ እንጨት ብናኝ ከኮላ ጋር አቡክቼ ሞላሁበት። ሲደርቅ ደህና መሰለ። ቫርኒሽ ሲቀባ ምን እንደሚመስል ለማየት በአልኮል አረጠብኩት። ጥቁርቁር ብሎ ቁጭ። ኮላ የጠጣ ብናኝ ቀለም ሲነካው ከዙሪያው እንጨት ጋር አይገጥምም፤ ያንን የተማርኩት ያን ቀን ነው።

አንድ ወዳጄ የሙዚቃ መሣሪያ እንጨት ላይ ጌጥ ወደሚቀብሩት ጋሼ መራኝ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስለማይወዱ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ጣውላውን ሲቀበሉኝ መጀመሪያ አላዩትም። ጆሯቸው አጠገብ አንጠልጥለው በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። አዳመጡ። ከዚያ ጉድጓዱን አዩና «ኮላ አድርግበት ብሎ ማን መከረህ?» አሉኝ። ማንም አልመከረኝም።

የመጀመሪያ ምክራቸው የራሳቸውን ገበያ የሚዘጋ ነበር። «ጣውላው ገና ከጎኑ ጋር አልተጣበቀም። ሌላ ስፕሩስ ፈልገህ እንደገና ብትጀምር ይቀልሃል።» ሥራ ለመያዝ የቸኮለ ሰው እንዲህ አይልም። እውነታቸውንም ነበር። እኔ ግን ያን ጣውላ ስንት ቀን ልጌዋለሁ፣ ሆዴ አልቻለም። እንቢ አልኩ።

«እንግዲያው ቦታው ላይ ዕድለኛ ነህ» አሉ። ጉዳቱ ያለው ከቀዳዳው በላይ፣ ወደ አንገቱ በኩል ነው። እዚያ አካባቢ ጣውላው ከሥሩ በድጋፍ እንጨት ስለሚታሰር ብዙም አይንቀጠቀጥም። ድምፁን በዋናነት የሚያወጣው ከቀዳዳው በታች፣ በድልድዩ (ክሮቹ ጣውላው ላይ በሚታሰሩበት እንጨት) ዙሪያ ያለው ሰፊው ክፍል ነው። «ድልድዩ ጋ ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር። ጌጥ ክብደት ነው። ድምፁን ያንቀዋል።»

እኔ ሐሳብ ይዤ ነበር የሄድኩት። ክንፏን የዘረጋች ትልቅ ወፍ፣ ጉድጓዱ ላይ ጉብ የምትል። ንድፌን አይተው ሳቁ። «ይቺ ወፍ ስህተትህን በምንቃሯ ነው የምታሳየው።» ትርጉሙ የገባኝ ቆይቶ ነው። ብቻውን ዱብ ያለ ጌጥ ሰውን ለምን እዚህ ያሰኘዋል። ቀረብ ብሎ ያየ ደግሞ መልሱን ያገኘዋል። እሳቸው የሳሉት ከጉዳቱ በተቃራኒ በኩል፣ ከክቡ ጌጥ የምትነሳ ሐረግ ነው። ክቡን በግማሽ አቅፋ ትሄድና ልክ ማሽኑ ያመለጠኝ ቦታ ስትደርስ ተለይታ ወደ ትከሻው ትወጣለች። የኔ ጭረት የሐረጓ ግንድ ሆነ። ትልቁን ቅጠልና እምቡጡን ግን ሌላ ቦታ አደረጓቸው። ዓይን መጀመሪያ እዚያ ነው የሚያርፈው።

ሁለት ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ እንዳይ ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ የኔን ኮላ እያጉረመረሙ ፍቀው አወጡ። ቅጠሎቹ ከዛጎል ናቸው፣ ውፍረታቸው 1.3 ሚሊሜትር ገደማ። ንድፉ ያለበትን ወረቀት ዛጎሉ ላይ ይለጥፉና የወርቅ ሠሪ በሚጠቀምበት ቀጭን መጋዝ ይቆርጡታል። ጭንብል አድርገው ነው፤ የዛጎል ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ነው። እኔንም ጭንብል ሳላደርግ አላስጠጉኝም። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጠል ቦታው ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በቢላ ጫፍ ይከቡታል። እርሳስ የለም። ስፕሩስ ለስላሳ ስለሆነ ቃጫው ቀድሞ በቢላ ካልተቆረጠ መቦርቦሪያው ይገነጥለዋል። ግንዱ ደግሞ ጥቁር ቀጭን የእንጨት ክር ነው። በጋለ ብረት ላይ ቀስ እያሉ ያጎብጡታል። ሁለቱ ተሰብረውባቸዋል፣ ሦስተኛው እሺ አለ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የጥቁሩ ብናኝ ነገር ነው። ጥቁር እንጨትን ነጭ ስፕሩስ አጠገብ በብርጭቆ ወረቀት ብትፈትጉት ብናኙ ነጩ ውስጥ ይገባል። በቀላሉም አይወጣም። ስለዚህ ኮላ ከመንካታቸው በፊት ዙሪያውን በሼላክ (በአልኮል በሚሟሟ የተፈጥሮ ቫርኒሽ) ቀብተው ዘጉት። ሼላኩ ሱፐር ግሉም ወደ እንጨቱ ሰርጎ እንዳያበላሸው ይከላከላል። ከላይ ሲያስተካክሉም በስለታም የብረት መፋቂያ ነው፣ ስስ ስስ እያደረጉ። ብናኙ በአየር ይሳባል እንጂ በእጅ አይጠረግም። እኔ አንዴ ልጠርግ እጄን ስሰድ በመሮው እጀታ ጣቴን መታ አደረጉኝ። ልክ ናቸው።

በዚያው ቀን አንድ ልጅ የአንገት ጣውላ ይዞ መጣ። 9ኛው ፍሬት (አንገቱን የሚከፋፍለው የብረት መስመር) ጋ መሆን የነበረበትን የጌጥ ነጥብ 8ኛው ጋ በስቶታል። ጋሼ ተረጋግተው «ይሄ ቀላል ነው» አሉት። የዚያ እንጨት ጥቁር ነው። ብናኙን ከኮላ ጋር ለውሰው ክፍተት ቢሞሉበት ማንም አይለየውም። በኔ ያልሠራው ዘዴ እዚያ ይሠራል። «ጥቁር እንጨት ይቅር ባይ ነው፣ ስፕሩስ ግን ቂመኛ ነው» አሉን።

እንከን የለባቸውም አልልም። ሳምንት ያሉት ሦስት ሳምንት ሆኗል። ስልክ አያነሱም። በአካል ሄዳችሁ ቆማችሁ ካልጠየቃችሁ ሥራችሁ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ዋጋውን ግን ገና ሳይጀምሩ ነገሩኝ፣ ሲጨርሱም አንድ ነገር አልጨመሩበትም።

ባለፈው ሳምንት በሙያው ጊታር የሚጫወት ወዳጄ ጊታሩን አገላብጦ አየው። ቅጠሎቹን በጣቱ ዳሰሰ። ምንም ጉርብጥ የሚል የለም። «ሐረጓን ለምን በአንድ ጎን ብቻ አደረግካት?» አለኝ። «ሁለቱም ጎን አንድ ሲሆን ደስ አይለኝም» አልኩት ኮራ ብዬ። መልሱም የጋሼ ነው፤ ዕቃውን ሲያስረክቡኝ አብረው የሰጡኝ። ወዳጄ ይህን ካነበበ ይኸው ተናዝዣለሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ። ራስዎ እንደማያዩት አውቃለሁ፤ ልጅዎ ታነብልዎታለች ብዬ ነው የጻፍኩት።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ዕቃውን እንደተበላሸ ሳትነካኩ ውሰዱት። ቀድሞ ኮላ ያደረገበት ሰው ካለ ግን ገና በር ላይ ሆኖ ይናገር፤ እሳቸው ራሳቸው ካገኙት ጉድ ነው።