ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፦ በአውሮፕላን ወይስ በአውቶቡስ?

በአየር ቀጥታ ሲለካ ርቀቱ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ የሚዞረው መንገድ 550 ገደማ ይሆናል፤ በአዴትና በሞጣ የሚያቋርጠው ወደ 500 ይጠጋል። ሁለቱም ደጀን ላይ ተገናኝተው ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ።

ሰዓቱን የሚበላው ይኸው በረሃ ነው። እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው ጠመዝማዛ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ከፊት የተጫነ ተሳቢ ካለ መቅደም ያስቸግራል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭጋግና ናዳ አለ። መንገዱ ክፍት በሆነበት ደህና ቀን 10 ሰዓት ያህል መያዝ ነው። አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያ መጠየቅ ግድ ነው።

በረራው 1 ሰዓት ገደማ ቢሆንም 2 ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ ሻንጣ መጠበቅና የቦሌ ትራፊክ ሲደመሩ ከቤት እስከ ቤት 4 ሰዓት ተኩል ይሞላል። ያም ሆኖ ከግማሽ በታች ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ላይ ነው፦ ትኬቱ ላይ 07:30 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ የማታው 1 ተኩል 19:30 ተብሎ ይጻፋል።

ከቦሌ ወደ ውጭ የሚቀጥል መንገደኛ ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት ይቁረጥ። የመጀመሪያው ቢዘገይ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍረዋል፤ ለየብቻ ከተቆረጡ ግን ኪሳራው የራሱ ነው። በአውቶቡስ የሚመጣማ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ይደር።