የስፒከር ሳጥኔን ጃክ በትክክል ላገናኙልኝ ባለሙያ

የባስ ጊታር ስፒከር ሳጥኔን ለጠገኑልኝ ባለሙያ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የድምፅ መሣሪያ የተበላሸበት ሁሉ እኚህን ሰው እንዲያውቃቸው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቴንም በዝርዝር እናገራለሁ።

በሳጥኑ ውስጥ በፓራለል (ጎን ለጎን) የተያያዙ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች አሉ፤ ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው። የመግቢያ ጃኩ፣ ማለትም ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ ላልቶ ስለነበር አንድ ጥገና ቤት ቀየረልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ኬብል ሲሰካበት ጭራሽ ድምፅ አልሰጥ አለ። ጥገና ቤቱ ስፒከሮቹ ተቃጥለዋል፣ ሁለቱም አዲስ መገዛት አለባቸው የሚል መልስ ሰጠኝ።

እኚህ ባለሙያ ማንኛውንም ነገር ከመፍታታቸው በፊት ኬብሉን ሳጥኑ ላይ ሰክተው በሌላኛው ጫፍ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩ። መሣሪያው ምንም አላነበበም። ከዚያ የኋላውን ክዳን ከፍተው ስፒከሮቹን በቀጥታ ሲለኩ ከ3 ኦም ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር አሳየ። በፓራለል የተያያዙ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በስም 4 ኦም ናቸው፤ መልቲሜትር በስፒከሩ ውስጥ ያለውን የጥቅል ሽቦ ተቃውሞ ብቻ ስለሚለካ ዝቅ አድርጎ ያነባል። «ስፒከሮችህ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ጃኩ ላይ ነው» አሉኝ። ዝም ብለው ሁለት ስፒከር ሊሸጡልኝ ይችሉ እንደነበር አልዘነጋውም።

የተገጠመው ጃክ ሦስት እግር ያለው ነው። አንዱ የኬብሉን መሰኪያ ጫፍ፣ ሌላው የመሰኪያውን ግንድ ይነካል። ሦስተኛው ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ምንም ሳይሰካ ጫፉን ከሚነካው የብረት ምላስ ጋር ይገናኛል፣ መሰኪያው ገብቶ ምላሱን ሲገፋው ግን ይለያያል። የፖዘቲቩ ሽቦ የተበየደው በዚህ ሦስተኛ እግር ላይ ነበር! ኬብሉ በተሰካ ቁጥር ሽቦው ይቋረጣል ማለት ነው። የእግሮቹ አቀማመጥ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በዓይን መገመት እንደማይበቃ ነገሩኝ። እርሳቸው ኬብል ሰክተው፣ ከመሰኪያው ጫፍና ከግንዱ ጋር የሚገናኘውን እግር አንድ በአንድ በመልቲሜትር ለይተው ነው ፖዘቲቩን ከጫፉ፣ ነጌቲቩን ከግንዱ እግር ጋር የበየዱት። የበየዱትንም ሽቦ ጎትተው ካላረጋገጡ አያልፉም።

ሥራው እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር። እርሳቸው ግን ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ አምጥተው ፖዘቲቩን ከመሰኪያው ጫፍ፣ ነጌቲቩን ከግንዱ ጋር ለቅጽበት አነካኩ። የአንዱ ስፒከር ኮን (እየተንቀሳቀሰ ድምፅ የሚያወጣው የፊቱ ክፍል) ወደ ውጭ ሲወጣ የሌላው ወደ ውስጥ ገባ። የአንደኛው ሽቦዎች ተገልብጠው ኖሯል፤ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፣ ወፍራሙ ድምፅም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የባሱ ድምፅ ለረጅም ጊዜ የሳሳው ለዚህ ነበር። ሽቦዎቹን አቀያይረው በባትሪው ደግመው ሲፈትሹ ሁለቱም ኮኖች አብረው ወደ ውጭ ወጡ። አሁን ድምፁ ሙሉ ነው፤ ዝቅተኛውን ክር ስመታ ደረቴ ላይ ይሰማኛል።

ከአምፕሊፋየር ወደ ሳጥን የጊታር ኬብል መጠቀም እንደማይገባም አስረዱኝ፤ መሰኪያው ቢመሳሰልም የውስጡ ሽቦ ቀጭን ነው፣ ለስፒከር ሁለት ወፍራም ሽቦ ያለው ያስፈልጋል። በተለይ የቱቦ አምፕሊፋየር ያላችሁ፣ ሳጥኑ ዝም ካለ ወዲያውኑ አጥፉት፤ ያለ ስፒከር ሲሠራ የውጤት ትራንስፎርመሩ፣ ማለትም በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ኃይሉን ወደ ስፒከሩ የሚያስተላልፈው ክፍል፣ ሊቃጠል ይችላል።

እንዲህ በጥንቃቄ ለክቶ፣ የለካውንም ለባለቤቱ አሳይቶ የሚሠራ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝ፤ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ኬብሉንና አምፕሊፋየሩንም ከሳጥኑ ጋር ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ ላይ ሳይፈትሹ አይመልሱም።