ወልድያ ላሉት የብረት ባለሙያ፣ ከቆቦ ቤተሰባችን የተላከ ምስጋና

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ወራት አልፈዋል። ሰሞኑን ቆቦ ወርጄ ማሽላችን ታጭዶ አውድማ ላይ ሲከመር ሳይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ማመስገን ያለብኝ ሰው አለ። እናንተም ልታውቋቸው ይገባል።

ሰውየው የብረት ባለሙያ ናቸው። ወልድያ ውስጥ ትንሽ የብየዳ ቤት አላቸው። ስሜንም ስልኬንም አትጻፊ ብለው ለምነውኛል። «የሚፈልገኝ ሰው በሰው ይመጣል» ነው ያሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ። እዚህ ላይ ጋሼ እያልኩ ልጥራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቻምና እኔና ሦስት ወንድሞቼ ብር አዋጥተን በእጅ የሚነዳ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ገዛን። አባባ ጉልበታቸው ደክሟል። ቀኑን ሙሉ በሬ መከተል አይችሉም። የበሬ ዋጋም አይቀመስም። መሬታችን ቆቦ ሜዳ ላይ፣ ጎሊና ወንዝ አካባቢ ነው። ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ የሚጣበቅ አፈር።

ትራክተሩ መጣ፣ ቤተሰቡ ተደሰተ። አብሮት የመጣው ማረሻ ግን ለእኛ መሬት አልሆነም። አፈሩን ገልብጦ ይጥለዋል። የቆቦን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ይመጣል፣ ይጠፋል። አንዳንዴ ጳጉሜ ሳይገባ ጥሎን ይሄዳል። የተገለበጠ አፈር በዚያ ፀሐይ እርጥበቱ ወዲያው ያልቃል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሽልሻሎው ነበር። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በመስመሩ መሀል ገብቶ አፈሩን ወደ ግንዱ የሚያስጠጋ፣ ለውሃው ቦይ የሚያወጣ ነገር ያስፈልጋል። በበሬ ስንሠራው የኖርነው ነው። ትራክተሩ ለዚህ የሚሆን ምንም የለውም። ታናሽ ወንድሜ «ብረት ቤት ወስደን እናሠራለት» አለ። መከራችን የጀመረው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበትን ቤት ስም አልጠራም። ከተማውንም አልናገርም። ግማሽ ክፍያ ተቀበሉን፣ በ2 ሳምንት ይደርሳል አሉን። ከዚያ ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ ሆነ። ሁለት ወር ተመላለስኩ። ለትራንስፖርት ያወጣሁትን ብር ባስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ብረቱ ሲደርስም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበር። ማሳ ላይ ገና የመጀመሪያውን ቦይ ሲይዝ ድንጋይ ነካና ብየዳው ለሁለት ተከፈለ። ተሸክመን መለስነው። «ችግሩ የትራክተራችሁ ነው» አሉን። ብራችንም በዚያው ቀረ።

የብሩን እንኳ እችለዋለሁ። ያልረሳሁት የወንድሜን ልጅ ነው። 17 ዓመቱ ነው፣ ብረት ነፍሱ ነው። በዚያ ቤት ጥግ ቁጭ ብሎ ሲበየድ ሲያይ ዋለ። ማንም መነጽር አልሰጠውም፣ ማንም ዞር በል አላለውም። ሌሊቱን ዓይኑን ይዞ ሲጮህ አደረ። አሸዋ የሞሉበት ያህል ነበር የሚቆረቁረው። እናቱ እርጥብ ጨርቅ እያደረገችለት ስታለቅስ አነጋች። የብየዳ ብርሃን ዓይን እንደሚያቃጥል ያልሰማ በያጅ የለም። አንዲት ቃል መናገር ምን ያስከፍላል?

ሁለተኛው ቤት ደግሞ ትልቅ ነው፣ ማሽኑም ብዙ ነው። እዚያ የጠየቁን ዋጋ የትራክተሩን ግማሽ ይጠጋል። ወንድሜ የመሬታችንን ጠባይ ማስረዳት ሲጀምር «እሱን ለእኛ ተውልን» ብለው አፉን አስያዙት። ግቢው ውስጥ ለሌላ ሰው የተሠራ ተመሳሳይ ብረት ቆሞ ነበር። ቀረብ ብለን ልናይ ስንል ሠራተኛው ሮጦ ሸራ አለበሰው። እንዳንሰርቀው ነው። በዓይናችን! ወንድሜ ከዚያ ወጥቶ እስከ መናኸሪያው ድረስ አልተናገረም። ትራክተሩን እንሽጠው ወደሚለው ሄደን ነበር።

ጋሼን ያገኘናቸው በቅሬ፣ በሰፈራችን ዕድር ነው። ለቅሶ ላይ አንድ ጎረቤታችን «ወልድያ አንድ ሰውዬ አሉ፣ ሄዳችሁ እዩአቸው» አለ። እኔ እዚያው ወልድያ ነው የማስተምረው፤ ስንት ዓመት በደጃቸው ሳልፍ ኖሬአለሁ። ቤታቸው በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ዕቃቸው ሁሉ ሄዷል። የተረፈው ከጠረጴዛው ጋር የታሰረው ሞርሳ ብቻ ነው። የብየዳ ማሽን ተውሰው ነው እንደገና የጀመሩት። ግድግዳው ሥር የአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ፣ ያ ከመኪናው ሥር ሸክም የሚችለው ማርገቢያ ብረት፣ ተደርድሯል።

የተሰበረውን ብረት አሳየኋቸው፤ አገላብጠው አዩት። የሠራውን ሰው አልሰደቡም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አፈሩ ምን ዓይነት ነው?»

ጥቁር ነው አልኳቸው። ሳቅ አሉና «አብሽሪ እህቴ፣ አፈሩን አምጪልኝ» አሉኝ።

በሳምንቱ አንድ ፌስታል አፈር ይዤ ሄድኩ። ከጆግ ውሃ ጠብ አደረጉበት። በመዳፋቸው እንደ ሊጥ አሹት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል እየጨመቁ እንደ ጥብጣብ አስረዘሙት። ሳይበጠስ ረዘመ። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጠመኔ አነሡና ሲሚንቶው ላይ መሳል ጀመሩ። እየሳሉ ያስረዱኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከነገሩኝ ግማሹ አልገባኝም። የማዕዘኑን ነገር፣ የክብደቱን ነገር አታስወሩኝ። የገባኝ ይህ ነው፤ በሁለት ከተማ ስንዞር ማንም ስለ አፈራችን አልጠየቀንም ነበር።

በዚህም አልበቃቸውም፤ እሁድ ቀን በራሳቸው ወጪ ሚኒባስ ተሳፍረው ቆቦ ድረስ መጡ። ማሳው ውስጥ ተንበርክከው በመስመሩና በመስመሩ መሀል ያለውን በብረት ዘንግ ለኩ። የልማት ሠራተኛው ለማሽላ 75 ሳንቲ ሜትር ብሎ አስተምሮናል። የእኛ መስመር ግን አንዱ ጋ ይጠባል፣ አንዱ ጋ ይሰፋል። ጋሼ ለምን አላሉም። የሚጠብና የሚሰፋ ክንፍ አደረጉለት። ብሎኑን ፈታ አድርጎ ማስተካከል ነው።

የሠሩት ከአሮጌው ባሌስትራ ነው። ለምን አዲስ ብረት አንገዛም ስላቸው፣ ባሌስትራ የመኪና ሸክም ተሸክሞ ሲረግብና ሲመለስ የኖረ ብረት ስለሆነ ድንጋይ ሲመታው ይታገሣል አሉኝ። ጫፉን በከሰል እሳት አጋሉት፣ መስፍ ላይ ቀጠቀጡት፣ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነከሩት። ብየዳው ሲያልቅ በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ አልጣማቸውም። እኔ ልዩነቱን አልሰማሁም። ያንን ቦታ በሙሉ ቆርጠው እንደገና በየዱት።

የሙከራው ቀን ልቤ ስንጥቅ ብሎ ነበር። ትራክተሩ ተነሣ፣ አሥር እርምጃ ሄደና ወደ ግራ መጎተት ጀመረ። ያው የመጀመሪያው ችግር! ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ። ጋሼ ግን «አቁመው» አሉ፤ በለሰለሰ ድምፅ። ቦዩ ውስጥ በሆዳቸው ተኙ። ያንን ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለብሰው! አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በቦዩ አቅጣጫ ተመለከቱ። ተነሡና ሁለት ብሎን ፈታ አደረጉ። ሦስት ጊዜ በመዶሻ መቱት። አንድ ጣት ታህል ቢዛወር ነው። እንደገና አጠበቁትና «በል ንዳ» አሉ።

ቀጥ ብሎ ሄደ። እንደ ክር። አባባ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ቦዩን ተከትለው እስከ ማሳው ዳር ሄዱ። ሲመለሱ ምንም አልተናገሩም፤ ጋሼን ግንባራቸውን ሳሟቸው።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ስለ ብረት አይደለም፤ ግን ለእኔ ከብረቱ ይበልጣል። ልጅ ሆኜ ማረሻ የሚያበጁ ቀጥቃጭ ሰፈራችን ይመጡ ነበር። ምግብ የሚሰጣቸው ከቤት ውጭ፣ ዋርካው ሥር ነው። ስኒያቸውም ለብቻው ነበር። ቀጥቃጭ ዓይኑ ይበላል ተብለን ነው ያደግነው። እጃቸው የሠራው ማረሻ እያረሰ እንጀራ ያበላናል፣ እሳቸውን ግን እደጅ እናስቀምጣቸዋለን። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው አትስደቡ፣ ቀጥቃጭ እያላችሁ አታዋርዱ ብለው አዋጅ ማስነገራቸውን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእኛ ቤት ግን ያ ስኒ እኔ ሳድግም ነበር።

የዚያን ቀን ምሳ ሲቀርብ አባባ ተነሥተው የእጅ ውሃውን ከእናቴ ተቀበሉ። ጋሼን ራሳቸው አስታጠቧቸው። ከራሳቸው መቀመጫ ላይ አስቀመጧቸው። የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሷቸው። ጋሼ ጎርሰው ትንሽ ዝም አሉና «አባቴ ቀጥቃጭ ነበር» አሉ። አባባም «አውቃለሁ፤ የእኛንም ማረሻ አበጅተውልን ይሆናል» አሉ። እናቴ ጓዳ ገብታ ቀረች፤ ኋላ ዓይኗን አየሁት። ቡን ተፈላ። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ተጠጣ። ሁለቱ ሽማግሎች እስኪመሽ ስለ ድሮ ማረሻ ሲያወሩ አመሹ።

የወንድሜ ልጅስ? ቅዳሜ ቅዳሜ ወልድያ እየመጣ እሳቸው ዘንድ ይውላል። የመጀመሪያ ቀን ከምንም በፊት የሰጡት የፊት መከላከያውን ነው። «ዓይን መለዋወጫ የለውም» አሉት። ከዚያ እጁን ከላይ ይዘው «አትቸኩል፣ አታንቀጥቅጥ፣ የሚቀልጠውን ብረት እየው» እያሉ አስጀመሩት። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ይዞ ሲመጣ ቅቡን አስፍቀው፣ ደጅ አውጥተው ነው ያስበየዱት፤ ጭሱ ሰው ያሳምማል ብለው። ያ ልጅ አሁን የቤታችንን በር ሠርቷል። እጅግ አሳምሮታል።

ሲሚንቶው ላይ የሳሉትንም ወረቀት ላይ ገልብጠው፣ ልኩን ጽፈው ሰጡን። እኔ ደብቄ ላስቀምጠው ነበር። «ኧረ አትቆልፊበት፤ ሰፈራችሁ በያጅ ካለ ስጪው፣ ይሥራበት» አሉኝ። ሮቢት ያለ አንድ ወጣት በያጅ ወስዶ ሠራ። ትንሽ ሲሳሳት ደውሎ ጠየቃቸው፣ በስልክ አስተካከሉት። ሥራዎን አይወስድብዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «የቆቦ ሜዳ ስንት ማሳ ነው? ብቻዬን ልደርስለት ነው እንዴ?» አሉ። ያን የሸራ ነገር አስታወስኩና አፈርኩ፤ እኔም ልቆልፍበት ነበር እኮ!

ሒሳቡን ከጠየቃችሁኝ፣ ሁለተኛው ቤት የጠየቀንን ሩቡን እንኳ አይሞላም። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ «ክረምቱ ይለፍ፣ ብረቱም ይፈተን» ብለው አልቀበልም አሉ። ነሐሴ ላይ እሳቸው ራሳቸው ደወሉ። እኔ የብሩን ሊጠይቁ መስሎኝ ነበር። «ዝናቡ ጣለ? ቦዩ ውሃ ያዘ?» ነው ያሉት። አዎ፣ ያዘ። ልጆቹ ቦዩን በየመሀሉ በአካፋ ገደብ ገደብ አደረጉት፤ የግብርና ባለሙያዎች ሲመክሩን እንደኖሩት። ውሃው እንደ ድሮው ወደ ጎሊና ሮጦ አልሄደም። መስከረም ላይ የጎረቤት ማሽላ ቅጠሉን ሲጠቀልል የእኛ ክንዱን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ይህን ያየ ሁሉ ነው አሁን አድራሻቸውን የሚጠይቀኝ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ አስባለሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እናቴ በየጸሎቷ ታነሣዎታለች፤ አባባማ ቆቦ መጥተው እንዲያድሩ ነው የሚፈልጉት።

እናንተ ደግሞ የወሎ ልጆች፣ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ያላችሁ፣ ሞፈርም ሆነ ጋሪ ማሠራት የምትፈልጉ፣ ባካችሁ ሩቅ አትሂዱ። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቤታቸውን አሳያችኋለሁ። በተለይ ልጆቻችሁን ሙያ ማስተማር የምትፈልጉ እሳቸው ዘንድ ውሰዷቸው። ሰኔ ሐምሌ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ከአሁኑ፣ በበጋው ድረሱ። ስትሄዱም ከማሳችሁ አንድ ፌስታል አፈር ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።