ሲቲፒ ከመግዛትዎ በፊት፦ በቀን ስንት ፕሌት ያወጣሉ?

ሲቲፒ ገጹን ከኮምፒውተር በቀጥታ ፕሌት ላይ፣ ማለትም ማተሚያው ላይ በሚታሰረው ስስ የአሉሚኒየም ሉህ ላይ፣ የሚያወጣ ማሽን ነው። የሚሸጠው ሰው ወሬውን የሚጀምረው ከፍጥነት ነው፤ በሰዓት ይህን ያህል ፕሌት ይላል። አንድ ጂቲኦ 52 እና አንድ ስፒድማስተር 74 ኦፍሴት ማተሚያ (ፕሬስ) ላለው ማተሚያ ቤት ግን ይህ ቁጥር ብዙም አይጠቅመውም። ማሽኑን የሚያዋጣው ወይም የሚያከስረው በቀን የሚወጣው ፕሌት ብዛት ነው። እዚህም የፕሌት ዓይነቶቹን የመዘንነው በዚሁ ነው።

ፊልም አውጥቶ፣ ሞንታዥ ሠርቶ (ፊልሞቹን በገጻቸው ቦታ አሰናድቶ) ፒኤስ ፕሌት፣ ማለትም ብርሃን የሚለውጠው ሽፋን ያለው ፕሌት፣ ማውጣት ለአንድ ቀለም ደረሰኝ አሁንም ይበቃል። ባለ አራት ቀለም ሥራ ላይ ግን ፊልሙ ላይ ያረፈች አቧራ ሁሉ ነጥብ ሆና ትታተማለች። እንለፈው።

ዩቪ (በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሠራ) ሲቲፒ ያንኑ ፒኤስ ፕሌት ያለ ፊልም ያወጣዋል። ፕሌቱ ረከስ ይላል፣ አቅራቢውም አንድ ብቻ አይደለም። ለ150 መስመር ስክሪን (በአንድ ኢንች 150 የነጥብ መስመር)፣ ለመማሪያ መጽሐፍና ለፖስተር ጥሩ ነው። በ200 መስመር የፊት ቆዳ የሚታይበት ካታሎግ ሲመጣ ግን የ1 እና የ2 በመቶ ነጥቦች (በጣም ፈዛዛውን ቀለም የሚሠሩት) መቅጠን ይጀምራሉ። ደግሞም ከማሸጊያው ከወጣ አንስቶ እስኪታጠብ ድረስ ቢጫ መብራት ይፈልጋል፤ በነጭ መብራት ሥር ከቆየ ምስሉ ይሳሳል።

ቴርማል (በሙቀት የሚሠራ) ሲቲፒ በ830 ናኖሜትር ሌዘር ይሠራል። ሙቀቱ የተወሰነ መጠን ካልደረሰ ፕሌቱ ላይ ምንም ለውጥ የለም፣ ሲደርስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል፤ የነጥቡ ጠርዝ ጥርት የሚለው ለዚህ ነው። በፖዘቲቭ ቴርማል ሌዘሩ የሚመታው ምስል የሌለበትን ቦታ ስለሆነ ሌዘሩ ሲደክም ምስሉ አይጠፋም፤ ባዶው ቦታ በደንብ ሳይጸዳ ይቀርና ወረቀቱ ላይ ቀለል ያለ ቆሻሻ ያመጣል። ማሽኒስቱ ግን ጥፋቱን ከፕሬሱ ውሃ እየፈለገ ፒኤች (አሲድነቱን) ሲለካ ይውላል። መለያው ቀላል ነው፦ ከታጠበው ፕሌት ባዶ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ አሴቶን ጣል አድርጎ እስኪደርቅ መጠበቅ። ዳር ዳሩን የሽፋኑን ቀለም የያዘ ቀለበት ከታየ ሽፋኑ አልተነሳም ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው ሌዘሩ ወይም ዴቨሎፐሩ (የማጠቢያው ፈሳሽ) ዘንድ ነው። ምንም ካልታየ ወደ ፕሬሱ መመለስ ይቻላል።

የቴርማል ዋናው ራስ ምታት ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ፕሌቱን የሚያጥበው ማሽን፣ ነው። ዴቨሎፐሩ ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ ፕሌቱ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያህል ይቆይበታል፤ ትክክለኛው ልክ የፕሌቱ አምራች መመሪያ ላይ አለ። ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቆሞም ይሞታል። የስፒድማስተሩ የ605 በ745 ሚሊ ሜትር ፕሌት ስፋት 0.45 ካሬ ሜትር ነው፤ በካሬ ሜትር 100 ሚሊ ሊትር ማደሻ ቢሞላ ለአንድ ፕሌት 45 ሚሊ ሊትር፣ ለስድስት 270 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል፤ ገንዳውን ለማደስ ትንሽ ነው። በቀን ስድስት ፕሌት ብቻ የሚያወጣ ቤት ገንዳ ሙሉ ዴቨሎፐር የሚደፋው ሠርቶበት ሳይሆን አየር በልቶበት ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ገንዳው ውስጥ የቆመውን ፕሌት ዴቨሎፐሩ መብላቱን አያቆምም፤ መጀመሪያ የሚሄዱት ደቃቅ ነጥቦች ናቸው። ስለዚህ ዩፒኤሱ ሌዘሩን ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩንም መሸከም አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ታጥቦ የሚያድር ፕሌትም ሙጫ ካልተቀባ አሉሚኒየሙ ኦክሳይድ ይሠራል። (ሙጫው ከግራር የሚገኘው ነው፤ አገራችን ወደ ውጭ የምትልከው።)

እጥበት የማይፈልገው ፕሌት ይህን ሁሉ ያስቀራል፦ ፕሮሰሰር የለ፣ ኬሚካል የለ። ፕሬሱ ላይ ታስሮ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቀለም ይሰጠዋል፤ ሽፋኑ ከመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ጋር ይወጣል። ዋጋው ከፍ ይላል። ምስሉ በዓይን በጭንቅ ስለሚለይ የማጀንታው (ቀዩ) እና የሳያኑ (ሰማያዊው) ፕሌት ይቀያየራሉ፤ የቀለሙን ስም በሚታጠፈው ጠርዝ ላይ ማስጻፍ ግድ ነው። ጥፍር እንኳ ይጭረዋል። ጨርቅ የለበሰ የውሃ ሮለር ያለው አሮጌ ጂቲኦ ላይ ሽፋኑ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል፣ የሚበላሸውም ወረቀት ይበዛል።

የእኛ ፍርድ ይኸው። በቀን ከአሥር ፕሌት በታች ከሆነ ማሽን አይገዛም፤ ሲቲፒ ካለው ቤት ማስወጣት ይሻላል። ከአሥር እስከ ሠላሳ ከሆነና የፕሬሱ ውሃ ሲስተም ደህና ከሆነ ቴርማል ሌዘር ከማይታጠብ ፕሌት ጋር። ከዚያ በላይ ከሆነ ቴርማል ከነፕሮሰሰሩ። ሥራው በአብዛኛው መጽሐፍ ከሆነ ዩቪው ያዋጣል።

ቀብድ ከመክፈል በፊት የጂቲኦውን 400 በ510፣ ውፍረቱ 0.15 ሚሊ ሜትር የሆነ ፕሌት እና የስፒድማስተሩን ባለ 0.3 ሚሊ ሜትር ፕሌት ዓይናችሁ እያየ በዚያው ማሽን ላይ አስወጡ። ትንሹንና ስሱን የማይቀበል ማሽን አለ። ሌዘሩን ከሚያመነጩት ዲዮዶች አንዱ ሲሞት ማሽኑ ቀስ ብሎ ይሠራል ወይስ ጨርሶ ይቆማል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።