አዲስ መነጽር ግዛ ያላሉኝ ባለሙያ

ሦስት ወር ሙሉ ጥፋቱን በራሴ ላይ እያላከክኩ ከረምኩ። የአየር ጠመንጃዬን የማነጣጠሪያ መነጽር አስተካክዬ እጀምራለሁ፤ ሠላሳ አርባ ጊዜ ከተኮስኩ በኋላ ጥይቶቹ ከኢላማው መሀል እየሸሹ ይበተናሉ። መጀመሪያ ያማከርኩት ሰው «መነጽሩ ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ አስገዛኝ። አዲሱም ያንኑ አደረገ።

በመጨረሻ ወዳጄ ወደ እኚህ የጠመንጃ ባለሙያ ወሰደኝ። አፈሙዙን ወደ ታች አጥፈው ጥይት አለመኖሩን አዩ፣ መነጽሩን ግን አልነኩትም። መብራት አስጠግተው «እየው ልጄ» አሉኝ። ከመነጽሩ ማሰሪያ ፊት፣ ማሰሪያው በሚያርፍበት የጠመንጃው ቦይ ላይ፣ ሁለት ሚሊሜትር የምታህል አዲስ ጭረት ታብለጨልጫለች። መነጽሩ በየተኩሱ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ኖሯል!

በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ሁለት ጊዜ ይነቀነቃል። ሞላው ሲፈታ አየሩን የሚገፋው ከባዱ ፒስተን ወደ ፊት ይወረወራል፣ ጠመንጃውም ወደ ኋላ ይገፋል። ፒስተኑ የታመቀው አየር ላይ ደርሶ ድንገት ሲገታ ደግሞ ጠመንጃው ወደ ፊት ይፈናጠራል፤ መነጽሩ ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ለባሩድ ጠመንጃ ታስቦ የተሠራ መነጽር ይህን የመልስ ምት ላይቋቋመው የሚችለውም ለዚህ ነው።

መነጽሩን ያሰሩትን ሁለት የተነጣጠሉ ቀለበቶች አውልቀው ቦዩን ለኩ። 11 ሚሊሜትር ይባላል እንጂ ከሥሪት ሥሪት ይለያያል። ከዚያ ወጥ የሆነ፣ ከሥሩ የመገቻ ችካል ያለው ማሰሪያ መረጡ። ቦዩን በአልኮል ሲጠርጉት ጨርቁ ጠቁሮ ወጣ፤ ዘይቱን ለዝገት ብዬ የቀባሁት እኔው ነኝ። ችካሉን ጠመንጃው ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ አወረዱት፤ ከማጥበቃቸው በፊት ማሰሪያውን ወደ ኋላ ገፍተው ችካሉ የቀዳዳውን የኋላ ግድግዳ እንዲደገፍ አደረጉ። እኔ ብሆን ይህን በጭራሽ አላስበውም ነበር። የቀለበቶቹን ብሎኖች እያፈራረቁ፣ በአጭር ቁልፍ፣ በጣት ጫፍ ብቻ፣ በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል እስኪሆን አጠበቁ። ጉልበት የበዛበት ብሎን የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቀዋልና። የማሰሪያውን ብሎኖች እንዳይላሉ መጠነኛ ማጣበቂያ ነካ አደረጓቸው፤ በመጨረሻም ከማሰሪያው ጀርባ በነጭ እርሳስ ቀጭን መስመር አሰመሩ።

ሥራቸው ዘገምተኛ ነው፤ የሚቸኩል ሰው ይናደዳል። ቁጣም አለባቸው፦ «ሰደፉን አንቀህ አትያዘው፣ ለቀቅ አድርገው!» እያሉ ሁለት ጊዜ ገሥጸውኛል። ትክክል ነበሩ።

ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ መነጽሩ አልረጋ ያለው ሰው በግል ይጻፍልኝ፤ አገናኘዋለሁ። አሮጌውን መነጽር ሳይጥል ይዞ ይምጣ። እኔ የተበላሸ የተባለው ላይ ነው አሁን የማነጣጥረው።

ጋሼ፣ ምናልባት ይህን ካነበቡት፦ 200 ጊዜ ተኩሻለሁ፣ ማሰሪያው ካሰመሩት ነጭ መስመር አልተነቃነቀም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።